ከአጠና ተራ እስከ ሐረር ሜዳ፦ ሰማይን የሚያዳምጡ ሰዎች

ኮልፌ ቀራንዮ ውስጥ አጠና ተራ የሚባል ሰፈር አለ። ስሙ ከገበያው የመጣ ነው፤ ለማገር፣ ለአጥርና ለሕንፃ መወጣጫ የሚሆን የባሕር ዛፍ አጠና የሚሸጥበት ቦታ ነው። ከዚያ ቀጥ ያለ አንድ አጠና መርጦ የገዛ፣ ጫፉ ላይ 6.9 ሴንቲ ሜትር የምትረዝም የመዳብ ሽቦ ያሰረና ከቆርቆሮ ጣሪያው በላይ ያቆመ ሰው አጠናውን አንቴና አደረገው ማለት ነው። ጎረቤት ቀና ብሎ ቢያይ ዲሽ ሊሰቅል የጀመረ ይመስለዋል። ሽቦዋ የምትለቅመው ግን ኳስም ድራማም አይደለም። በላይዋ የሚያልፉ አውሮፕላኖች ስለ ራሳቸው የሚናገሩትን ነው።

ሽቦዋ ያጠረችው ያለ ምክንያት አይደለም። አውሮፕላኖቹ የሚናገሩበት ሞገድ 1090 ሜጋ ኸርዝ ነው፤ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 27.5 ሴንቲ ሜትር ግድም ይሆናል፣ የዚያ ሩብ ደግሞ 6.9። በዚህ ሞገድ ላይ አብዛኛው የመንገደኛ አውሮፕላን በሰከንድ ሁለት ጊዜ ያህል ያለበትን ቦታ ይለፍፋል። መለያ ቁጥሩን፣ የጥሪ ስሙን፣ ከፍታውንና ፍጥነቱንም በየተራ ያሰማል። እያንዳንዱ መልእክት ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። መልእክቱ በምሥጢር አልተቆለፈም፤ ሌላ አውሮፕላንም ሆነ የምድር መቆጣጠሪያ ወዲያው ሰምቶ ግጭት እንዲያስቀር የታሰበ ስለሆነ መቆለፍም አይመቸውም። ስለዚህ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

የሚናገረው መሣሪያ ትራንስፖንደር ይባላል። የትውልድ ታሪኩ ለዛሬው ወሬ ትንሽ ምጸት ይጨምርበታል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ራዳር ሲመጣ ሰማይ ላይ ያለውን ነገር ነጥብ አድርጎ ማሳየት ቻለ፤ ነጥቡ የወገን ይሁን የጠላት ግን መናገር አልቻለም። መላው የተገኘው በጥበቃ ወታደር ዘዴ ነው፦ ከምድር «ቁም! ማነህ?» የሚል የሬዲዮ ጥያቄ ይላካል፣ የወገን አውሮፕላን ላይ የተገጠመው ሳጥን አብራሪው ሳይነካው መልስ ይሰጣል። ከጦርነቱ በኋላ ሳጥኑ ወደ ሲቪል በረራ ተሻገረ። ዛሬ ደግሞ ጥያቄ እንኳ አይጠብቅም፤ ሳይጠየቅ ይናገራል። አሜሪካና አውሮፓ ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ሰማያቸው ላይ ለሚበር አውሮፕላን ግዴታ አድርገውታል። ወታደሮች ራሳቸውን ከጠላት ለመለየት የፈጠሩት ሳጥን፣ የወታደር አውሮፕላን ወዴት እንደሚሄድ ለተራ ሰው የሚያሳብቅ ሆኖ ቁጭ አለ።

ለዚህ ደግሞ ያበቃው ርካሽ የቴሌቪዥን መቀበያ ነው። ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ቴሌቪዥን እንዲያሳይ የተሠራ፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማይበልጥ ዕቃ አለ። በ2012 እ.ኤ.አ. ገደማ ሬዲዮ የሚወዱ ሰዎች ይህ ዕቃ በትንሽ የሶፍትዌር ዘዴ ቴሌቪዥኑን ትቶ ሌላ ሞገድ ሁሉ መስማት እንደሚችል ደረሱበት። ዋጋው ከ20 እስከ 30 ዶላር ነበር። ሳልቫቶሬ ሳንፊሊፖ የተባለው የሲሲሊ ሰው የአውሮፕላኖችን መልእክት ወደ ፊደልና ቁጥር የሚመልስ ነፃ ፕሮግራም ጽፎ ለቀቀ። ከዚያ በፊት ብዙ መቶ ዶላር የሚጠይቅ ሥራ የተማሪ ኪስ ውስጥ ገባ።

አንድ አንቴና የሚሰማው በዙሪያው ያለውን ብቻ ነው። ሞገዱ እንደ ዓይን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጋራ ይጋርደዋል። ኮልፌ ላይ ያለ ሽቦ ወደ ሰሜን እንጦጦ፣ ወደ ምዕራብ ወጨጫ ይቆሙበታል፤ ሁለቱም ከ3 ሺ ሜትር በላይ ናቸው። ከኋላቸው ዝቅ ብሎ የሚበር ሄሊኮፕተር የለም እንደ ማለት ነው። ወደ ምሥራቅና ወደ ደቡብ ግን ከተማው እየወረደ ስለሚሄድ ነገሩ ሌላ ነው። ጋራ ካልከለለ፣ በ11 ሺ ሜትር ከፍታ ድሬዳዋ ሰማይ ላይ ያለ አውሮፕላን እንኳ ኮልፌ ሊሰማ ይችላል። የቦሌ ተነሺና አራፊማ የዕለት እንጀራ ነው። ከቦሌ አለፍ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዋና ሰፈር የሆነው የቢሾፍቱው ሐረር ሜዳ አለ።

በየአገሩ ያሉ እንዲህ ያሉ ጆሮዎች በኢንተርኔት ሲገናኙ ካርታ ይወጣል። ፍላይትራዳር 24 የተጀመረው ስዊድን ውስጥ በሁለት የአቪዬሽን ወዳጆች ሲሆን ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተቀባዮች ይመግቡታል። ንግድ ስለሆነ ባለቤቶቻቸው አታሳዩብን ያሏቸውን አውሮፕላኖች ይሰውራል። አሜሪካ ውስጥ በ2016 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ኤዲኤስ-ቢ ኤክስቼንጅ ግን አንሰውርም የሚል አቋም ይዞ ተነሣ፤ የጦር አውሮፕላን ተከታታዮች የተሰበሰቡትም እዚያ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. መግቢያ ለኩባንያ ሲሸጥ ብዙዎቹ አኩርፈው አንቴናቸውን ነቅለው ሌሎች ነፃ መረቦች አቋቋሙ። ገንዘብ የማይከፈላቸው ሰዎች ኩርፊያ ከደመወዝተኛ አድማ ይብሳል።

የጦር አውሮፕላን በምን ይታወቃል? በቁጥሩ ነው። በዓለም ላይ ያለ አብዛኛው ትራንስፖንደር ከ16 ሚሊዮን በላይ ከሆኑ ቁጥሮች አንዱ ይሰጠዋል፤ ቁጥሮቹ በየአገሩ ተከፋፍለዋል። የኢትዮጵያ ድርሻ በ040 የሚጀምሩት 4,096 ቁጥሮች ናቸው። የአሜሪካ በኤ ፊደል ይጀምራል፤ ከዚያ ውስጥ የጦር ኃይሉ የራሱ ክፍል አለው፣ ልምድ ያለው ተከታታይ «ኤ-ኢ» ብሎ የሚጀምር ቁጥር ሲያይ ወንበሩን ወደ ስክሪኑ ይስባል። የጥሪ ስምም ይናገራል፦ «ሪች» የሚል ስም የያዘ የአሜሪካ አየር ኃይል አጓጓዥ ነው። ቦታውን የማይናገር፣ መለያውን ብቻ የሚመልስ የድሮ ዓይነት ትራንስፖንደር የያዘ አውሮፕላንም በዘዴ ይያዛል። አራትና ከዚያ በላይ ተቀባዮች ያንኑ ድምፅ በየትኛው ቅጽበት እንደሰሙ ይነጻጸርና ከልዩነቱ ቦታው ይሰላል። አራት ጎረቤታሞች አንድ ተኩስ ሰምተው ከየት እንደመጣ ቢከራከሩ እንደማለት ነው፤ ልዩነቱ የሚለካው ግን በሚሊዮንኛ ሰከንድ ነው። ተቀባይ በተራራቀበት አገር ይህ ዘዴ አይሠራም። አራት ጎረቤት የለማ!

ኮልፌ ለሰማይ ወሬ እንግዳ አይደለም። በአንድ ወገን አየር ጤና የሚባል ሰፈር አለው፣ በሌላው ጠርዙ ቀላል ባቡሩ የሚያበቃበት ጦር ኃይሎች፤ «አየር ኃይል» የሚለው ስም ለሁለት ሰፈር የተካፈለ ይመስላል። ከጦር ኃይሎች እልፍ ሲሉ የድሮው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ያደረገው፣ ቦሌ ገና አየር ማረፊያ ሳይሆን፣ ከልደታ ነው። በ1954 ዓ.ም. ደግሞ ኮልፌ በሚገኘው የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ካምፕ አንድ ደቡብ አፍሪካዊ የወታደር ሥልጠና ወሰደ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ካርቱም ላይ ወደ ኢትዮጵያ አውሮፕላን ሲሳፈር አብራሪው ጥቁር መሆኑን አይቶ ለቅጽበት መደንገጡን በግለ ታሪኩ ጽፏል። ሰውየው ኔልሰን ማንዴላ ነበር።

የትራንስፖንደር ምልክት ለኢትዮጵያውያን ጉዳይ መሆኑ ጎልቶ የታየው የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሮም የተነሣው የበረራ ቁጥር 702፣ ቦይንግ 767፣ 202 ሰዎች ይዞ ሱዳን ሰማይ ላይ ሳለ 7500 የሚል ባለ አራት አሃዝ ኮድ መላክ ጀመረ። በዓለም ሁሉ የዚህ ኮድ ትርጉም አንድ ነው፦ ተጠልፌያለሁ። በየአገሩ የተቀመጡ ተከታታዮች አውሮፕላኑ በስክሪናቸው ላይ ወደ ሰሜን ሲገሰግስና ኋላም ጄኔቫ ሰማይ ላይ ሲዞር አዩት። የጠለፈው ረዳት አብራሪው ራሱ ነበር፤ ዋናው አብራሪ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ በሩን ቆልፎበታል። የጣሊያንና የፈረንሳይ ተዋጊ ጄቶች አጀቡት። የስዊዘርላንድ ጄቶች ግን አልተነሡም፤ ምክንያቱ ሲነገር የሰማ ሁሉ ቀልድ መስሎት ነበር። የአገሪቱ አየር ኃይል በዚያን ጊዜ በቢሮ ሰዓት ብቻ ነበር ለእንዲህ ያለ ጥሪ ዝግጁ የሚሆነው፤ ጠለፋው ደግሞ ጎሕ ሳይቀድ ደረሰ። አውሮፕላኑ በደህና አረፈ፣ ረዳት አብራሪው በመስኮት በገመድ ወርዶ እጁን ሰጠ።

ሁለተኛው ምሳሌ መራር ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ከቦሌ የተነሣው የናይሮቢው በረራ 302 ከ6 ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ 157 ሰዎች አለቁ። የመጀመሪያው ፍንጭ የተገኘው ጥቁሩ ሣጥን ሳይከፈት ነው። በዚያው ቀን ፍላይትራዳር 24 ከተነሣ በኋላ የአውሮፕላኑ የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት የተረበሸ እንደነበር አስታወቀ። አውሮፕላኑ ዝቅ ብሎ ከምድር ተቀባዮች ክልል ስለወጣ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች በካርታው ላይ አልነበሩም። እነሱን የሰሙት ኤሪዮን የተባለው ኩባንያ በሳተላይቶች ላይ የጫናቸው ተቀባዮች ናቸው። መጋቢት 4 ቀን የካናዳው የትራንስፖርት ሚኒስትር ማርክ ጋርኖ ያንን የሳተላይት መረጃ ጠቅሰው፣ መስመሩ ከአምስት ወር ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ ከወደቀው ተመሳሳይ አውሮፕላን ጋር መመሳሰሉን ገልጸው የቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖችን አገዱ። አሜሪካም በዚያው ቀን ተከተለች። የሁለቱ አደጋዎች መመሳሰል መጀመሪያ የታየው፣ ለግጭት መከላከያ ተብሎ በተፈጠረ ያልተቆለፈ ምልክት ነው።

ነሐሴ 9 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከካርቱም የመጣ 737 በ37 ሺ ጫማ ከፍታ ቦሌን አልፎ መሄዱ ተሰማ። አብራሪዎቹ እንቅልፍ ወስዷቸው ነበር ተባለ፤ ካርታው ላይ የቀረው መስመር ማረፊያውን አልፎ መዞሩን በግልጽ ያሳያል። አየር መንገዱ ግንኙነት ለጊዜው ተቋርጦ እንደነበር ገልጾ ሠራተኞቹን ከበረራ አነሣ።

እነዚህ ሁሉ የሲቪል በረራዎች ናቸው። ሐረር ሜዳ የገባው ነገር ሌላ ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምትና በ2014 ዓ.ም. መግቢያ፣ የሰሜኑ ጦርነት በበረታበት ጊዜ፣ በአውሮፓ የተቀመጡ ጥቂት ተከታታዮች ወደ ቢሾፍቱ የሚወርዱ የጭነት አውሮፕላኖችን መቁጠር ጀመሩ። አብዛኞቹ ኢሊዩሺን 76 ነበሩ፤ አራት ሞተር ያለው፣ በሶቭየት ዘመን የተነደፈ፣ 40 ቶንና ከዚያ በላይ የሚሸከም አውሮፕላን ነው። ሥራው አሰልቺ ነው። መለያ ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ከቁጥሩ የአውሮፕላኑ ሰሌዳ ይገኛል፣ ከሰሌዳው ባለቤቱና ቀድሞ የሠራባቸው አገሮች ይታወቃሉ። መስመሩ ከየት እንደጀመረ፣ የት ላይ ድንገት እንደጠፋ ይጻፋል። ከጠፋበት ቦታና አቅጣጫ፣ ከተመለሰበትም ሰዓት፣ የት አርፎ እንደነበር ይገመታል።

ግምቱን ለማረጋገጥ ሌላ ዓይን ያስፈልጋል። የአውሮፓው ሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች እያንዳንዱን የምድር ክፍል በየ5 ቀኑ ገደማ ያነሣሉ፤ ፎቶው ለማንም በነፃ ይሰጣል። የፎቶው አንድ ነጥብ 10 ሜትር ነው። ኢሊዩሺን 76 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 50.5 ሜትር ስለሆነ ሐረር ሜዳ ላይ ቆሞ ሲታይ አምስት ነጥብ የምታህል ነጭ መስቀል ይሆናል። አምስት ነጥብ ትንሽ ነው፤ ግን ትናንት የሰማኸው አውሮፕላን ዛሬ የታየበት ቦታ ላይ ከሆነ ወሬው ማስረጃ መምሰል ይጀምራል። በኅዳር 2014 ዓ.ም. አልጀዚራ እንዲህ ባለ የበረራና የሳተላይት መረጃ ተመርኩዞ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ወደ ኢትዮጵያ በሦስት ወር ውስጥ ከ90 በላይ በረራ መደረጉን፣ ብዙዎቹም መንገዳቸውን ለመሰወር መሞከራቸውን ዘገበ። ከዚያ ቀደም ብሎም ከኢራን የመጡ የጭነት በረራዎች የተከታታዮችን ዓይን ስበው ነበር፤ በጥቅምት 2014 የአሜሪካ የገንዘብ ሚኒስቴር በኢራን ላይ ማዕቀብ ሲጥል የአገሪቱ ሰው አልባ አውሮፕላኖች ከተላኩባቸው መካከል ኢትዮጵያን በስም ጠራ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ የአንባቢም የተከታታዩም ስሕተት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ምልክቱ መንገዱን ይናገራል፣ ጭነቱን አይናገርም። አንድ አውሮፕላን ከአቡ ዳቢ ተነሥቶ ሐረር ሜዳ ማረፉ ቢረጋገጥ እንኳ ሆዱ ውስጥ ጥይት ይኑር ዱቄት፣ መለዋወጫ ይኑር መድኃኒት፣ 1090 ሜጋ ኸርዝ ላይ አይሰማም። በዚያ ጦርነት ወቅት ይህን ልዩነት የዘለሉ ብዙ ነበሩ። አንዱ ወገን መስመሩን እያሳየ ጭነቱን እንዳየ ሰው ማለ፤ ሌላው ጭነቱ ስላልታየ መስመሩም ውሸት ነው አለ። ሁለቱም ካርታውን ያልተናገረውን አናገሩት።

ጭነቱን የሚናገረው አብዛኛውን ጊዜ ምድር ላይ የቀረው ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ የገና ዕለት ሌሊት፣ ትግራይ ውስጥ ደደቢት የተፈናቃዮች መጠለያ ከሰው አልባ አውሮፕላን በተጣለ ቦምብ ተመትቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። ያንን በየትኛውም የሕዝብ ካርታ ላይ ያየ የለም። ሂዩማን ራይትስ ዎች በቱርክ የተሠራ ቦምብ መሆኑን የለየው ከስብርባሪው ነው። በዚያ ወቅት ትግራይ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ስለነበር አንቴና ቢኖር እንኳ የሰማውን የሚልክበት አልነበረም። አርባ ምንጭም ሌላው ምስክር ነው። አሜሪካ ከዚያ ሰው አልባ አውሮፕላኖቿን ወደ ሶማሊያ እንደምታበር በ2011 እ.ኤ.አ. ለዓለም የነገረው የዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ነው፤ በ1090 ላይ የተሰማ ነገር አልነበረም።

ዝም የማይሉት የጦር አውሮፕላኖች ደግሞ የሚናገሩት ሁልጊዜ ሳይታወቃቸው አይደለም። በየካቲት 2014 ዓ.ም. ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር «ፎርቴ» የሚል የጥሪ ስም የያዘ የአሜሪካ ግዙፍ የስለላ ሰው አልባ አውሮፕላን ጥቁር ባሕር ላይ ሲመላለስ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በስልካቸው ያዩት ነበር። ትራንስፖንደሩን ማጥፋት ሲችል ያበራው አስቦበት ነው፤ አለሁ፣ አያለሁ ለማለት። በዚያው ዓመት ሐምሌ 26 ቀን የአሜሪካ ምክር ቤት አፈ ጉባኤ ናንሲ ፔሎሲን ወደ ታይዋን የወሰደውን የአየር ኃይል አውሮፕላን ሲያርፍ ከ700 ሺ በላይ ሰዎች በአንድ ጊዜ ፍላይትራዳር 24 ላይ ይከታተሉት ነበር።

ለወታደሩ ማጥፋትም ዋጋ አለው። ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ዋሽንግተን ላይ ከመንገደኛ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 67 ሰዎች የሞቱበት የጦር ሄሊኮፕተር ቦታውን የሚለፍፈውን ምልክት አያሰራጭም ነበር። የአሜሪካ አቪዬሽን መሥሪያ ቤት ምሥጢራዊ ለሆኑ የመንግሥት በረራዎች ይህን የፈቀደው በ2019 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከአደጋው በኋላ የፈቃዱ ስፋት ትልቅ ክርክር አስነሣ። ጉዳዩ ለኢትዮጵያም ሩቅ አይደለም፦ ቦሌና ሐረር ሜዳ በመኪና የአንድ ሰዓት፣ በጄት የጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ናቸው። ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ ደግሞ አራት ማኮብኮቢያ ያለው አዲስ የመንገደኛ አውሮፕላን ማረፊያ ታቅዷል። ያ ሲሆን የወታደሩም የመንገደኛውም አውሮፕላን አንድ ሰማይ ይጋራሉ፤ ማን እንደሚናገርና ማን ዝም እንደሚል የተከታታዮች ጉዳይ ብቻ አይሆንም።

አዳማጩም ከአደጋ ነፃ አይደለም። በኅዳር 2001 እ.ኤ.አ. ግሪክ ካላማታ ከተማ የአየር ትርዒት ሊያዩ የሄዱ 12 እንግሊዛውያንና 2 ሆላንዳውያን የአውሮፕላን ወዳጆች የሰሌዳ ቁጥር ሲመዘግቡ ተይዘው በስለላ ተከሰሱ። ሰሌዳ መመዝገብ መዝናኛ ነው ሲሉ ዳኞቹ ማመን አቃታቸው። ተፈረደባቸው፤ ነፃ የወጡት ከተያዙ ከዓመት ግድም በኋላ በይግባኝ ነው። ግሪክ የሰላም አገር ነበረች። ኢትዮጵያ ውስጥ በጥቅምት 2014 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲሠራ፣ በኅዳር ወር የጦር እንቅስቃሴን የሚመለከት መረጃ ከተፈቀደለት አካል በቀር ማንም እንዳያሰራጭ ተከልክሎ ነበር። የበረራ መስመር የጦር እንቅስቃሴ ነው ወይስ ማንም የሚሰማው የሬዲዮ ድምፅ? ውጭ አገር ለተቀመጠው ተከታታይ ጥያቄው የክርክር ርዕስ ነው፤ ኮልፌ ላለው የእስር ቤት ደጃፍ ሊሆን ይችላል።

በአዘቦት ቀንም ሕጉ ቀላል አይደለም። ስለ ቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ የቴሌኮም መሣሪያ ማስገባትንና መጠቀምን በወንጀል ያስጠይቃል። የሬዲዮ ሞገድን የሚያስተዳድረውና የመሣሪያዎችን ዓይነት መርምሮ የሚያጸድቀው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዕቃው ድምፅ የሚሰማ እንጂ የማይልክ መሆኑ ለተከታታዩ ግልጽ ነው፤ ለጉምሩክ ፈታሹ ግን አንቴና ያለው ሳጥን አንቴና ያለው ሳጥን ነው። ስለዚህ አጠና ከመግዛት በፊት ወደ ባለሥልጣኑ ቢሮ ጎራ ማለት ከብዙ ጣጣ ያድናል።

የኢትዮጵያን ሰማይ የሚያሳየው ካርታ ኢትዮጵያ ውስጥ አለመሳሉ ከዚህ ሁሉ የሚመጣ ነው። ያኔ በጦርነቱ ስለ ሐረር ሜዳ የሚያውቁት አውሮፓና ዶሃ ያሉ ሰዎች ሆነው፣ ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የተቀመጠው ሰው የሚያውቀው የሞተሩን ድምፅ ብቻ ነበር። አሥመራ ላይ አሜሪካኖች ከ1943 እስከ 1977 እ.ኤ.አ. ቃኘው የተባለውን ሰፊ የሬዲዮ ማዳመጫ ጣቢያ ይዘው ሲኖሩ፣ ማዳመጥ የታላላቅ መንግሥታት ሥራ ነበር። ዛሬ ዋጋው የአንድ ርካሽ መቀበያ ሆኗል፤ ፈቃዱና ልምዱ ግን ገና ከዋጋው ጋር እኩል አልወረዱም።

ዕቃ መግዛት ለማይችል ወይም ለማይፈልግ ሰው ስልክ ይበቃል። የፍላይትራዳር 24 ካርታ በነፃ ይከፈታል። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ፣ ወደ አውሮፓና አሜሪካ የሚሄዱት ትልልቆቹ አውሮፕላኖች ከቦሌ በተከታታይ ሲነሡ፣ ቤቴል ወይም ዓለም ባንክ ሰፈር በረንዳው ላይ የተቀመጠ ሰው ድምፁን ሰምቶ ስልኩ ላይ ስሙን ማንበብ ይችላል፦ ይህ የሮም ነው፣ ያኛው የዋሽንግተን። ነገሩ ያን ጊዜ ጨዋታ ነው፤ ልጆችም ይወዱታል።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሽት ግን ድምፁ እየተሰማ ካርታው ባዶ የሆነበት ነው። ጥሩ ተከታታይ ያኔ ታሪክ አይፈጥርም። ደብተር አውጥቶ ያየውንና የሰማውን ብቻ ይጽፋል፦ 3 ሰዓት ከ40፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፣ ሁለት መብራት፣ ድምፁ ወፍራም፣ ምልክት የለም።